እንጨቱን ከማንሳቷ በፊት ትገምት

ልጄ፣ ልጅሽ እስከ መቶ ሳትደናቀፍ ትቆጥራለች፤ «ስምንትና አምስት ስንት ነው?» ስትባል ግን ጣቶቿን ዘርግታ ከአንድ ትጀምራለች። ይህን ስትነግሪኝ እንደተጨነቅሽ ገብቶኛል። እህትሽ ከውጭ የላከችልሽን ባለቀለም የእንጨት ብሎኮች አሳይተሽኝም «በዚህ ምን ላድርግበት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ዕድሜዬ ያለፈው አንደኛ ደረጃ ሂሳብ ሳስተምር ነው፤ ጥያቄሽ በቆምንበት የሚመለስ ስላልሆነ ጊዜ ወስጄ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። መቁጠርና ቁጥርን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅሽ እስከ መቶ ስትቆጥር የቁጥሮቹን ስም በተራቸው እየጠራች ነው። ስምንት ውስጥ አምስትና ሦስት መኖራቸውን፣ ስምንት አሥር ለመሙላት ሁለት ብቻ እንደሚጎድለው ግን ገና አላየችም። ብሎኮቹ የሚጠቅሙሽ ይህን እንድታይ ነው። እንድታይ የሚያደርጋት ደግሞ እንጨቱ ብቻውን አይደለም፤ እጇ እንጨቱ ላይ ከማረፉ በፊት አንቺ የምትጠይቂያት ጥያቄ ነው። «የትኛው ይሞላዋል? ሳትነኪ በዓይንሽ ብቻ ንገሪኝ» በያት። ትገምት፣ ከዚያ ታንሳ፣ ትግጠም። ልክ መሆኗን ወይም መሳሳቷን እንጨቱ ይንገራት፤ አንቺ ዝም በይ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

በመጀመሪያ በእጅሽ ያለው ምን እንደሆነ እወቂ። ቤልጂየም ውስጥ ቱዊን በምትባል ትንሽ ከተማ ዦርዥ ኩዊዝኔር የሚባል መምህር ነበር። ሂሳብ ለተማሪዎቹ እንዲገባቸው ብሎ እንጨት በአሥር ዓይነት ርዝመት ቆርጦ ለየርዝመቱ የራሱን ቀለም ቀባው፤ ሥራውንም በ1952 በመጽሐፍ አሳተመው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ነጩ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀዩ 2፣ ፈካ ያለው አረንጓዴ 3፣ ወይን ጠጁ 4፣ ቢጫው 5፣ ጠቆር ያለው አረንጓዴ 6፣ ጥቁሩ 7፣ ቡናማው 8፣ ሰማያዊው 9፣ ብርቱካናማው 10። ያንቺን ሌላ አምራች በሌላ ቀለም ሠርቶት ሊሆን ስለሚችል በማስመሪያ ለክተሽ አረጋግጪ።

አሁን አንዱን አንስተሽ አገላብጠሽ እዪው። ምንም ምልክት የለበትም። ቢጫው ላይ መስመር አልተሰመረም፣ «5» ተብሎም አልተጻፈበትም። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። መስመር ቢኖርበት ልጅሽ በጣቷ እየነካች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ትጀምርና ተመልሳ ያው ቆጠራዋ ውስጥ ትገባለች። መስመር ስለሌለው ግን እንጨቱን ከእንጨት ጋር ማስተያየት ይኖርባታል፤ አምስትን የአምስት ነጠላዎች ሰልፍ ሳይሆን አንድ ሙሉ ነገር አድርጋ ትይዘዋለች። አንዳንድ ወላጅ ልጁን የረዳ መስሎት በእስክሪብቶ ያሰምርበታል። እባክሽ ይህን አታድርጊ።

እንጨቶቹን ከቱዊን አውጥቶ ለዓለም ያደረሳቸው ካሌብ ጋቴኞ ነው፤ እስክንድርያ፣ ግብፅ የተወለደ የሂሳብ ሰው። በ1953 ከኩዊዝኔር ጋር ከተዋወቀ በኋላ አገር ላገር እየዞረ መምህራንን አሠለጠነበት። ለእኛ ቅርብ የሚያደርገው ደግሞ በ1957 በዩኔስኮ ተልኮ ኢትዮጵያ መምጣቱ ነው። እዚህ ሳለ አማርኛ ማንበብን በቀለም የሚያስተምር ዘዴ ቀየሰ፤ በኋላ በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች ያስፋፋው የንባብ ትምህርት መነሻው ይህ የአማርኛ ሥራ ነው። ቀለምን ለቁጥር ያዋለ ሰው በፊደላችንም ላይ እንደሠራበት ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ብዙ መምህራኖቻችን ይህን አለማወቃቸው ደግሞ ያሳዝነኛል።

ሣጥኑ ለሌላት ጎረቤትሽም ንገሪያት፤ ገንዘብ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ሰፈር ያለ አናጢ አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ጣውላ ቢሰነጥቅላት በመጋዝ እየቆረጡ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል። አናጢም ባይኖር ባለ ካሬ ወረቀት ወፍራም ካርቶን ላይ ለጥፋ በየርዝመቱ ትቁረጥና ካሬዎቹ እንዳይታዩ በቀለም ትሸፍናቸው። ትክክለኛነቱ ላይ ግን ቸል አትበል። ሁለት ቢጫዎች ተቀጣጥለው ብርቱካናማውን ካላከሉ ልጁ የሚማረው ስሕተት ነው። ገበያ የሚገኘው መነሻ ሣጥን ብዙውን ጊዜ 74 እንጨት ይይዛል፤ 22 ነጭ፣ 12 ቀይ፣ 10 ፈካ ያለ አረንጓዴ እያለ ቁጥሩ ወደ ረጃጅሞቹ ሲሄድ ይቀንሳል። ያንን መጠን ብትከተል ይበቃታል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም አታስተምሪያት። ቤት ትሥራበት፣ አጥር ታጥርበት። አንቺ አጠገቧ ሥራሽን እየሠራሽ ተመልከቻት። ብዙ ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ከነጭ እስከ ብርቱካናማ ደረጃ ይደረድራሉ፤ አንድ እርከን ሲዘለል ራሳቸው ያዩትና የጎደለውን ይፈልጋሉ። ያ ደረጃ ሲሠራ ካየሽ ልጅሽ እያንዳንዱ እርከን ከፊተኛው በአንድ ነጭ እንደሚበልጥ በዓይኗ ይዛዋለች ማለት ነው።

ጨዋታው ግን ልክ አለው፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ። ጁዲ ደሎሽ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1987 ባወጣችው ጥናት የአንድ ክፍል ትንሽ ሞዴል ሠርታ፣ ልጆች እያዩ ሞዴሉ ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት ደበቀች። ከዚያ ልጆቹን ወደ እውነተኛው ክፍል አስገብታ ትልቁን አሻንጉሊት በዚያው ቦታ እንዲፈልጉ ነገረቻቸው። አብዛኞቹ የሦስት ዓመት ልጆች አገኙት፤ የሁለት ዓመት ተኩሎቹ ግን ሞዴሉ ክፍሉን እንደሚወክል አልገባቸውም። በኋላ ባደረገችው ሙከራ የሦስት ዓመቶቹ አስቀድመው በሞዴሉ እንዲጫወቱ ሲተዉ እነሱም ማግኘቱ ከበዳቸው። አንድ ነገር በጣም መጫወቻ ሲሆን የሌላ ነገር ምልክት መሆኑ ለሕፃን ይሰወርበታል። ልጅሽ ስድስት ዓመት ስለሞላት ያን ያህል አያሰጋሽም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ተማሪበት። እንጨቶቹ የራሳቸው ሣጥን ይኑራቸው፤ ከአሻንጉሊቶቿ ጋር አይደባለቁ። ደግሞም በፍራፍሬና በእንስሳ ቅርጽ የተሠሩ መቁጠሪያዎች ሲሸጡ ብታዪ አትጓጊ። ልጁ ድቡን ያየዋል እንጂ አራትን አያይም። ምንም የማይመስል ተራ እንጨት ለሂሳብ የተሻለ ነው።

ታናሽ ወንድሟ በዳዴ የሚሄድ ስለሆነ ነጮቹን ስትሰበስቢ ቆጥረሽ መልሺ። አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ጉሮሮ ውስጥ ይቀረቀራል። ሽምብራና ባቄላ መቁጠሪያ ስታደርጊም ይኸው ነው፤ ትንንሽ ልጆች አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ብርቱካናማውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሚው። ሰማያዊውን ከሥሩ፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክለሽ አስቀምጪ። «ስንት ጎደለው?» አትበያት፤ ስንት ስትይ መቁጠር ትጀምራለች። «የትኛው ይሞላዋል?» በያት፤ በቀለም ትመልስልሽ። ነጭ ትላለች፣ ታነሳለች፣ ትገጥማለች። ቀጥሎ ቡናማውን ከሥር አድርጊ፤ ቀይ ይሞላዋል። ጥቁሩን ፈካ ያለው አረንጓዴ፣ ጠቆር ያለውን አረንጓዴ ወይን ጠጁ፣ ቢጫውን ሌላ ቢጫ። ሲደረደሩ ወርዱ እኩል የሆነ ግድግዳ ይወጣል። ከዚያ አንዱን ድርድር ነቅለሽ ደብቂና «ምን ነበር እዚህ?» ብለሽ ጠይቂያት። በዚህ ብቻ ሳምንታት ቢያልፉ አይቆጭሽ። አሥርን የሚሞሉትን ጥንዶች እንደ ስሟ ያወቀች ልጅ ሌላውን መደመር ሁሉ በእነዚህ ላይ ትሠራዋለች፤ እነዚህን ሳታውቅ ያለፈች ደግሞ አራተኛ ክፍል ስትደርስም በጠረጴዛ ሥር ጣቷን ስትቆጥር ታገኛታለሽ።

ከዚህ በኋላ ነው ስምንትና አምስት የሚመጣው። ቡናማውንና ቢጫውን በአንድ መስመር አቀጣጥይ። ከሥራቸው ብርቱካናማውን አስተኚ። «ቡናማው ብርቱካናማውን እንዲያክል ከቢጫው ምን ይፈልጋል?» ብለሽ ጠብቂ። እጇን እንዳታስቀድም ጠብቂ። ቀይ እንደሚያስፈልገው ከአሥር ጥንዶቹ ታውቀዋለች። ስለዚህ ቢጫውን አንስታ በቀይና በፈካ ያለ አረንጓዴ ትለውጠዋለች። ቡናማውና ቀዩ አሥር ሞሉ፤ ከአሥር ያለፈው ሦስት ነው። አሥራ ሦስት። አየሽ፣ ከአንድ ጀምራ አልቆጠረችም፤ አምስትን ለሁለትና ለሦስት ከፍላ አሥር ሞላች። አንቺም እኔም ገበያ ላይ የምናሰላው እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዝሻል። አሥራ ሦስት ስትያት አሥሩም ሦስቱም ለጆሮዋ ይሰማሉ። እንግሊዝኛ አሥራ አንድንና አሥራ ሁለትን በሚጠራባቸው ቃላት ውስጥ አሥር አይሰማም። አይሪን ሚዩራ የተባለች ተመራማሪ በ1980ዎቹ የእስያ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆችን ከአሜሪካ ልጆች ጋር አነጻጽራ ነበር። በአሥርና በነጠላ ብሎኮች ቁጥር ሥሩ ሲባሉ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ተናጋሪዎቹ የአሥሩን ብሎክ ያነሱ ነበር፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በብዛት ነጠላውን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። በእነዚያ የእስያ ቋንቋዎችም አሥራ አንድ «አሥር አንድ» ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቋንቋው ብቻ ነው አልልሽም፤ የቤትና የትምህርት ቤት አያያዝም አለበት። ግን ውጭ ያለችው እህትሽ ለልጆቿ እንጨቱን ስታስይዝ በአማርኛ እንድትቆጥርላቸው ምከሪያት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታተርፋለች።

መቀነስን «መውሰድ» ብቻ አታድርጊው። ጥቁሩን አስቀምጪና ቀዩን ከሥሩ አስጠጊ። ክፍት የቀረው ቦታ የሰባትና የሁለት ልዩነት ነው፤ ቢጫው ይሞላዋል። ይህ አንድ ሥዕል አራት ነገር ይናገራል፤ ሁለት ሲደመር አምስት ሰባት ነው፣ አምስት ሲደመር ሁለትም ሰባት ነው፣ ከሰባት ሁለት ሲነሳ አምስት ይቀራል፣ ከሰባት አምስት ሲነሳ ሁለት ይቀራል። አራቱንም በአፏ ትናገራቸው። ደብተሯ ላይ እነዚህ በተለያየ ገጽ፣ አንዳንዴም በተለያየ ወር የሚመጡ የተለያዩ ትምህርቶች ይመስላሉ። ለእሷ ግን አንድ ይሁኑ።

ማባዛቱን ስትደርሱበት ሦስት ቢጫዎችን ጎን ለጎን አስጠግተሽ አራት ማዕዘን ሥሪ። ከጎኑ አምስት ፈካ ያሉ አረንጓዴዎችን እንዲሁ አድርጊ። «ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» በያት፤ ትገምት። ከዚያ አንዱን አዙራ በሌላው ላይ ትጫነው። ልክ ይሸፍነዋል። ሦስት ጊዜ አምስትና አምስት ጊዜ ሦስት አንድ መሆናቸውን በዚህ ያየች ልጅ የማባዣ ሰንጠረዡ ግማሽ ሸክም ይወርድላታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅሽ። ቀዩ «ሁለት» የሚል ስም አይውጣለት። ነጩ አንድ ከተባለ ብቻ ነው ቀዩ ሁለት የሚሆነው። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ወይን ጠጁ አንድ ነው» በያት። እንግዲያ ቀዩ ምን ሆነ? ግማሽ። ነጩስ? ሩብ። በሌላ ቀን ጠቆር ያለው አረንጓዴ አንድ ይሁን፤ ያው ቀይ አሁን ሢሶ ሆነ። ቡናማው አንድ ሲሆን ደግሞ ሩብ ይሆናል። እንጨቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምናነጻጽርበት ነው። ክፍልፋይ ለተማሪዎች የሚከብደው ሢሶ ስንል የምን ሢሶ እንደሆነ መጠየቅ ስለማይለምዱ ነው። ልጅሽ ይህን ጥያቄ በስድስት ዓመቷ ከለመደች ክፍልፋይ በትምህርት ቤት ሲመጣ አትደናገጥም። ከእንጨቶቹ ጥቅም ሁሉ እኔ ይህን እጅግ እወደዋለሁ፤ ብዙዎች ሣጥኑን መደመሪያ ብቻ አድርገው ሳይደርሱበት ይቀራሉ።

ከሃያ በላይ ላሉ ቁጥሮች ሌላ መሣሪያ ያስፈልግሻል። ማሪያ ሞንተሶሪ፣ በ1907 ሮም ሳን ሎሬንዞ ሰፈር የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈተችው፣ ለዚህ ዶቃ ትጠቀም ነበር፤ ነጠላ ዶቃ፣ በሽቦ የተሰካ አሥር፣ አሥሮቹ ተያይዘው መቶ፣ መቶዎቹ ተነባብረው ሺህ። ሃንጋሪ የተወለደው ዞልታን ዲነሽም ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት የሚታዩትን የአሥርና የመቶ ብሎኮች አስፋፍቷል። ሁለቱም መልካም ናቸው። እኔ ግን ለጀማሪ ጭራሮ ወይም ስቴኪኒ እመርጣለሁ። ምክንያቱም የተሠራ የአሥር ብሎክ አይፈታም፤ ልጁ በነጠላዎች መለወጥ አለበት፣ ለምን እንደሚለወጥም ላይገባው ይችላል። የጭራሮ እስር ግን አሥሩን ራሷ ቆጥራ በላስቲክ ታስረዋለች፤ ሲያስፈልግም ራሷ ትፈታዋለች።

ከ32 ላይ 17 ቀንሺ ብትያት 25 ልትልሽ ትችላለች። ከሰባት ሁለት፣ ከሦስት አንድ፤ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሳ ማለት ነው። የትም አገር ያሉ ልጆች የሚሠሩት ስሕተት ነውና አትቆጫት። ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ አስይዣት። «ሰባት ነጠላ ስጪኝ» በያት። የላትም። ምን ታደርጋለች? ጠብቂ፤ አንቺ አትፍቺላት። አንዱን እስር ስትፈታ አሥራ ሁለት ነጠላ ይኖራታል፤ ሰባቱን ትሰጥሻለች፣ አምስት ይቀራታል። አንድ እስር ደግሞ ትሰጥሻለች። የቀራት አንድ እስርና አምስት ነጠላ፣ አሥራ አምስት ነው። መምህሯ ሰሌዳ ላይ «ከአሥር ቤት ተበደሪ» ስትላት ምን ማለቷ እንደሆነ እጇ ያውቀዋል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ሁለት መቶ አምስትን 2005 ብሎ መጻፍ ነው። እንዲህ የሚጽፍ ልጅ የሰማውን በታማኝነት ነው የጻፈው፤ ሁለት መቶ፣ ከዚያ አምስት። እዚህ ላይ የግዕዝ ቁጥሮቻችንን አውጪ። ፪፻፭ የሚለው ጽሑፍ አፍ የሚናገረውን አንድ በአንድ ይከተላል፤ ሁለት፣ መቶ፣ አምስት። ዜሮ የለውም፣ አያስፈልገውምም። 345ም ፫፻፵፭ ነው፤ ሦስት የመቶ እስር፣ አርባ፣ አምስት። ጭራሮዎቹን ደርድራ ከሥራቸው መጀመሪያ በግዕዝ ትጻፍ፣ ቀጥሎ በተለመደው አኃዝ። ያኔ ነው «በዚህኛው አጻጻፍ መቶ የሚለው ምልክት የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው። ቦታው ራሱ መቶ ይላል፤ ባዶ የሆነውን የአሥር ቤት ደግሞ ዜሮ ይጠብቀዋል። በካርቶን ላይ 200ን በሰፊው፣ 5ን በአንድ አኃዝ ልክ ጽፈሽ ቁረጪ፤ አምስቱን በመጨረሻው ዜሮ ላይ ስትጭነው 205 ይሆናል። ከፍ ስታደርገው ሁለት መቶው ሳይጠፋ ከሥር ይታያል።

አሁን ደግሞ ብሎኮቹን ስለ ማስቀመጥ ልምከርሽ፤ ማውጣቱን እንጂ መመለሱን የሚነግርሽ ሰው ጥቂት ነው። ዴቦራ ቦል የተባለች አሜሪካዊት የሂሳብ መምህርና ተመራማሪ በ1992 ባወጣችው ጽሑፍ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ላይ የሚጣለው ተስፋ ከልክ ያለፈ መሆኑን አስረድታለች። እኛ አዋቂዎች እንጨቱ ውስጥ ሂሳቡን የምናየው አስቀድመን ስለምናውቀው ነው፤ ልጁ ግን እንጨት ብቻ ሊያይ ይችላል። እኔም ክፍል ውስጥ ያየሁት ይህንን ነው። በእንጨት ሁሉን የሚሠሩ፣ እንጨቱ ሲነሳ ግን ምንም የማይቀራቸው ልጆች ነበሩ። ጄሮም ብሩነር በ1960ዎቹ ሰው አንድን ነገር በድርጊት፣ ከዚያ በሥዕል፣ ከዚያ በምልክት እንደሚይዘው ጽፏል፤ ሲንጋፖርም ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሂሳብ ትምህርቷን በዚህ ቅደም ተከተል አዋቅራለች። በመሐል ያለችውን ሥዕል አትዝለያት። ልጅሽ የደረደረችውን ባለ ካሬ ደብተር ላይ በቀለም ትሣለው፤ አጠገቡ በቁጥር ትጻፈው።

ቀጥሎ የምትለብሽውን ነጠላ አምጪ። ቡናማውንና ጠቆር ያለውን አረንጓዴ አሳይተሻት በነጠላው ሸፍኛቸው። «ሥሩ ስንት አለ? እንዴት አሥር ሞላሽው?» በያት። እንጨቶቹ እዚያ እንዳሉ ታውቃለች፣ ግን አታያቸውም፤ በሐሳቧ ማንቀሳቀስ አለባት። ከተቸገረች ነጠላውን ገልጣ ትይ፣ መልሳ ትሸፍን። መግለጡ እየቀነሰ ሲሄድ ሣጥኑ ቁም ሣጥን ላይ ይውጣ። አዲስ ነገር ሲመጣ፣ ክፍልፋይ ወይም ማካፈል፣ መልሰሽ ታወርጅዋለሽ።

አያቷ ገበጣ የሚያውቁ ከሆነ ከእሳቸው ጋር ትጫወት። ጎበዝ የገበጣ ተጫዋች ጠጠሮቹን ከጉድጓዱ ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ያውቃል፤ ካነሳ በኋላ ማሰብ አይጠቅመውም። ልጅሽ እንድትለምደው የምፈልገው ይህንኑ ነው። ወንዙንና ተራራውን አቋርጠን ከሩቅ የምናስመጣው ትምህርት እዚሁ ቤታችን ውስጥ ሲኖር መተዉ አይገባም።

ሰዓቱ አጭር ይሁን፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይለፍ፣ ገና ልቧ ሳይሰለች አቁሚ። ራት ከመቅረቡ በፊት ያለው ጊዜ ለብዙ ቤት ይስማማል። የጎረቤት ልጅ በስንት ደቂቃ እንደሠራ አትንገሪያት። ስትሳሳት «አይደለም» ከማለትሽ በፊት «እንዴት አሰብሽው?» በያት፤ ልክ ስትሆንም ይህንኑ ጠይቂያት፣ አለበለዚያ ጥያቄሽን የስሕተት ምልክት አድርጋ ትወስደዋለች። መምህሯ ሌላ መንገድ ካሳየቻት ደግሞ የመምህሯን መንገድ አታጣጥይ። ሁለቱንም ትሥራና አንድ መልስ መምጣቱን ትይ።

ባለቤትሽ «ይሄ ጨዋታ እንጂ ትምህርት ነው?» እንዳለሽ አልረሳሁም። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እሱ የተማረው በሰሌዳና በቃል ነው። ቅዳሜ ከልጁ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ፈካ ያለውን አረንጓዴ አስቀምጡና በርዝመቱ ልክ ስንት ዓይነት ባቡር እንደሚቀጣጠል ፈልጉ። ራሱ ብቻውን አንድ፣ ቀይና ነጭ፣ ነጭና ቀይ፣ ሦስት ነጭ፤ አራት ናቸው። ቀጥሎ ወይን ጠጁ። ማንም ሳይነካ ሁላችሁም ገምቱ፤ አባቷም ጭምር ግምቱን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ስትደረድሩት ስምንት ይወጣል። ቢጫው ላይ ስትደርሱ ነጮቹ ያልቁባችኋል፤ የቀረውን ካሬ ደብተር ላይ እየሣላችሁ ሙሉት፣ አሥራ ስድስት ይሆናል። ጥቁሩን ግን አትደርድሩትም፣ አትሥሉትምም። ስንት ባቡር እንዳለው እንዲሁ አስባችሁ አውጡና ላኪልኝ፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ደግሞ ልጅቷ በራሷ አፍ ታስረዳኝ።